የመልካም ስም ጥላ፤ ዋግና ሰቆጣ በመቻቻል ታሪክ ውስጥ

በኢትዮጵያ የጨዋታ ወግ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ጠባይ ተሰጥቶታል። ጎንደሬው ኩሩ፣ ሸዌው ብልጥ፣ ጎጃሜው ድግምት ዐዋቂ፣ ወሎዬው ደግሞ እንግዳ የማይገፋ፣ ሃይማኖት የማይለይ፣ ከሁሉም ጋር ተቻችሎ የሚያድር ይባላል። ይህ ዐይነቱ አነጋገር በቡና ላይም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም፣ አንዳንዴም በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይሰማል። ከእነዚህ ስሞች መካከል ስድብ ያዘሉትን ለማረም ብዙ ተደክሟል፤ ምስጋና የሆኑትን ግን መርምሮ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። «ወሎ የመቻቻል አገር ነው» የሚለውን ቃል የሚቃወም ማን አለ? ቃሉ ደስ ያሰኛል፤ ለተማሪም ጥሩ ምሳሌ ይመስላል። ሆኖም ምስጋናም ቢሆን ጅምላ ፍርድ ነው። አንዱን ሕዝብ በተፈጥሮው ታጋሽ ነው ያለ ሰው፣ ሌላውን ሕዝብ በተፈጥሮው ጠባብ ነው ለማለት መንገዱን ጠርጎ ጨርሷል። ከዚህም የሚብሰው፣ መልካም ስም በአንድ ሰፊ ግዛት ላይ እንደ ጥላ ሲዘረጋ ከጥላው ሥር ያለው ነገር ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ዋግ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ዋና ከተማው ሰቆጣ የሆነው ይህ ደጋማ አገር ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አንድ አውራጃ ሆነ፤ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ከተባለም በኋላ እዚያው ቆየ። በዚህ ረዥም ዘመን ዋግ የወሎን ምስጋና ሳይጠየቅ ወርሷል፤ በኋላም እንደሚታየው የወሎን ሐዘን አብሮ ወርሷል። ምስጋናው ለዋግ ይስማማ ወይም አይስማማ እንደ ሆነ ለማወቅ በመጀመሪያ ምስጋናው ራሱ ከየት እንደ መጣ መመልከት ያስፈልጋል።

የወሎ ስም ከአየሩ ወይም ከሰዉ ደም የተገኘ አይደለም። በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አጠገብ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በዚያ ነበሩ። ጉባኤው በመጀመሪያ የመረመረው በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ሲሆን፣ የተዋሕዶ ትምህርት ብቻ እንዲጸና ተወሰነ። ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ግን የወሎን ሙስሊም የሚመለከት ነበር። ሹመቱ እንዲጸናለት የሚፈልግ ባላባት ሁሉ እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሧቸውም ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብለው የምኒልክ የክርስትና ልጅ ሆኑ። ባላባቱ በአንድ ቀን የለወጠውን ስም ገበሬው እንዲሁ በቀላሉ አልለወጠም። እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ የእስልምና ሊቃውንት ተከታይ አሰልፈው ተዋጉ፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ የቀረውም ቀን ለሹም የሚታይ፣ ሌሊት ለራሱ የሚሆን ሁለት ሃይማኖት ይዞ ከረመ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ግፊቱ ላላ፤ ከተጠመቀውም ብዙው ወደ ቀድሞ እምነቱ ተመለሰ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ያ በቦሩ ሜዳ የተጠመቀው ባላባት በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግራይ ተብሎ ዘውድ ደፋ፤ ልጁ ልጅ ኢያሱ ደግሞ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲሻር ከቀረቡበት ክሶች ዋነኛው ወደ እስልምና አዘንብሏል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። እንግዲህ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የወሎ ሕዝብ በሃይማኖቱ ምክንያት በሁለት አቅጣጫ ተቀጥቷል፤ አንድ ጊዜ ሙስሊም ስለ ሆነ፣ ሌላ ጊዜ ክርስቲያንነቱ ስላልታመነ።

ወንድሙ ሙስሊም፣ አጎቱ ክርስቲያን የሆነ ቤተ ዘመድ በወሎ የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በሃይማኖቱ ቢያሳድድ የገዛ ዘመዱን ማሳደዱ ነበር። የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች አብረው ሙት የሚቀብሩበት ቅሬ፣ ደም የፈሰሰባቸውን ወገኖች የሚያስታርቀው አበጋር፣ ሰርግና ሐዘን ላይ የሚታየው መተጋገዝ በዚህ ኑሮ ውስጥ ጸና። ይህ የመቻቻል ሥርዓት ነው፤ የመቻቻል ተፈጥሮ ግን አይደለም። ሥርዓቱም ወሰን አለው። የክርስቲያን ከብት ለክርስቲያን፣ የሙስሊም ከብት ለሙስሊም ተለይቶ መታረዱ ድግሱን አላፈረሰም፤ እንዲያውም ድግሱ የሚሰምረው ወሰኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ወሎን «የፍቅር አገር» ብሎ ብቻ የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ ጥበብና መከራ ከሕዝቡ ላይ ገፎ በምትኩ ደግነት ብቻ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ዋግ። አገሩ በምዕራብ ተከዜን፣ በደቡብ ላስታን፣ በሰሜን ተምቤንን ይዞ በሸንተረርና በገደል የተቆራረጠ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዋግ ኽምራ 426 ሺህ ያህል ሕዝብ ተቆጥሯል። ከዚህም ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ሲሆን፣ በብሔረሰብ ረገድ ግን አማራና ኽምራ አገው በሚሉ ሁለት ታላላቅ ስሞች የተከፈለ ነው። ስለዚህ ለሰቆጣ ተማሪ «በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ተቻችለው ይኖራሉ» ብሎ ማስተማር ሐሰት ባይሆንም ፈተናውን በሌላ ሰው ደብተር ላይ እንደ መፈተን ነው። የዋግ ፈተና ቋንቋ ነው፤ ከዚያም ዘር፣ ከዚያም የእጅ ሥራ።

ሰቆጣ የአሞሌ ጨው መንገድ ከተማ ነበረች። ከአፋር በረሃ፣ ከአርሆ የሚነሣው ጨው በትግራይ በኩል ሰቆጣ ይደርስና ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይበተን ነበር። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበረ፣ ከተማዋ የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም በር ነበረች ማለት ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ትግርኛ፣ አማርኛና አገውኛ በአንድ ጀንበር ይሰማሉ፤ ቋንቋ የማያውቅ ነጋዴም አይከብርም። በሰሜን ኢትዮጵያ የሩቅ መንገድ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። እነዚሁ ነጋዴዎች ግን በክርስቲያኑ ደጋ በአብዛኛው ርስት የመያዝ መብት አልነበራቸውም፤ ገበያው የሚቀበለውን ሰው መሬቱ አይቀበለውም ነበር። አንድ አገር በገበያው ቻይ፣ በርስቱ ገፊ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ታዲያ የትኛው ነው የሕዝቡ «ጠባይ»?

የዋግ አገው ታሪክ ደግሞ ይህን ሁለት ገጽ በትልቁ ያሳያል። የዛጉዬ ነገሥታት አገው ነበሩ፤ ስሙ ራሱ «ዘአገው» ከሚለው የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ሥርወ መንግሥቱ በ1262 ዓ.ም. (1270 እ.ኤ.አ.) በይኩኖ አምላክ እጅ ከወደቀ በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ የተሰናዳው ክብረ ነገሥት በመዝጊያው ላይ የዛጉዬን ዘመን ያነሣል፤ እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው መንገሡ ሕግ መተላለፍ እንደ ነበረም ያሳያል። ይህ ዘርን የሥልጣን መለኪያ ያደረገ የመንግሥት ቃል ነው። ያችው ቤተ ክርስቲያን ግን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን ከቅዱሳን ቈጠረች፤ ገድል ጻፈችላቸው፤ በዓላቸውን ታከብራለች። በአንድ ብራና ቤት «የማይገባቸው ነገሥታት» እና «ቅዱሳን ነገሥታት» ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ታሪክን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ ይህን ተቃርኖ ሳያየው ያልፋል፤ ምክንያቱም በተለመደው አተራረክ ዛጉዬዎች በአክሱምና በሰሎሞናውያን መካከል እንደ ድልድይ ይቀርቡና ድልድዩ ከተሻገረ በኋላ አገው የሚባል ሕዝብ ከትምህርቱ ይጠፋል።

ከምድሩ ግን አልጠፋም። በዋግ ትውፊት መሠረት ከሥልጣን ለውጡ ጋር አብሮ የሄደ ስምምነት ነበረ፤ የዛጉዬ ዘር ዋግን እየገዛ እንዲኖር፣ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር እንዲኖረው ተደረገ ይባላል። ስምምነቱ በዝርዝሩ እንደ ተነገረው ይሁን አይሁን፣ የዋግሹም ማዕርግ በአንድ ቤት ውስጥ እየተወረሰ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መዝለቁ የታወቀ ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በሚገኘው ከአለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የጥንት የዋግ ገዢዎች አስከሬን እስከ ዛሬ ይታያል። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ፤ ልጁ ዋግሹም ጎበዜ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ደግሞ ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ተሸነፈ። የተሸነፈውም የሚስቱን ወንድም ገጥሞ ነበር። ዋግሹም ጓንጉል በዐድዋ ጦርነት ዘምቷል፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የኢጣሊያን ወራሪ ሲዋጋ ቆይቶ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተገድሎ አንገቱ ተቆርጧል።

ይህ የትልቅ ቤት ታሪክ በኩራት ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዋግሹም ቤት ከትግራይ፣ ከየጁ፣ ከሸዋ መኳንንት ጋር እየተጋባ፣ በአማርኛ እየተጻጻፈ፣ የነገሥታት ዘር ሆኖ ሲከበር፣ ገበሬው የሚናገረው ኽምጣና ከቤተ መንግሥትም፣ ከቤተ ክህነትም፣ ከፍርድ አደባባይም ውጭ ነበር። ዘሩ ተከበረ፤ ቋንቋው አልተከበረም። የንቀትን ታሪክ በዘር ሐረግ ብቻ የሚፈልግ ሰው በዋግ ብዙም አያገኝም። ንቀቱ ያለው አንድ ገበሬ ዳኛ ፊት ቆሞ አቤቱታውን በሌላ ሰው አፍ ለማሰማት በተገደደበት ቦታ ነው።

ኽምጣና ከአዊኛ፣ ከብሊንና ከቅማንትኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ጥናቱም አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የዋግን አገውኛ ቃላት ሰብስቧል፤ ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋው ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል፤ ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአበርገሌ የሚነገረውን መዝግቧል፤ ዴቪድ አፕልያርድም በ1987 እ.ኤ.አ. የሰዋስው መግለጫ አውጥቷል። ይህ ማለት ለንደንና ቪዬና ስለ ኽምጣና ሲያነቡ፣ ሰቆጣ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋው ገና አልገባም ነበር። በሚያስተምሩት ልጅ ቋንቋ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት መጽሐፍ መጻፉን ሳያውቁ ልጁን «የወፍ ቋንቋ ተው» ብሎ መገሠጽ የሚያሳፍር ነገር ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በስፋቱ በዓለም የተመሰገነ፣ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ያስገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። መጀመሪያ በአምስት፣ በኋላ በአሥራ አምስት የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስተማሪያ ተዘጋጀ። ለብዙ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊደል የማየት የመጀመሪያው ዕድል ነበር። ከአሥራ አምስቱ መካከል ግን ከአገው ቋንቋዎች አንዱም አልነበረም። ይህ በክፋት የተደረገ አይመስልም፤ ምናልባትም ተናጋሪው አማርኛ ስለሚያውቅ አያስፈልገውም ተብሎ ይሆናል። ጉዳዩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። የኽምራ ሰው አማርኛ ስለ ተማረ፣ በአበርገሌ በኩል ትግርኛም ስለ ጨመረ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ስለ ኖረ፣ ይህ ሁሉ ድካሙ የራሱን ቋንቋ ላለመቍጠር ምክንያት ሆነ።

የአማርኛው ግሥ ነገሩን ያስረዳል። መቻቻል የሚባለው ሁለት ወገን እርስ በርሱ ሲችል ነው። አንዱ ወገን የሌላውን ቋንቋ ተምሮ፣ የሌላውን አቀማመጥ ለምዶ፣ ሌላው ወገን ግን አንድ ቃል ሳይማር የሚኖር ከሆነ ያ መቻል ነው እንጂ መቻቻል አይደለም። በዋግ ገበያ ኽምጣና ተናጋሪው በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሲጫረት፣ አማርኛ ተናጋሪው በአንዱ ብቻ ይጫረታል። ይህ ለዘመናት የሄደ ነው። ላስታ በጥንት ዘመን የአገው አገር እንደ ነበረች የታወቀ ሲሆን ዛሬ ሕዝቧ አማርኛ ይናገራል። ለውጡ በሰይፍ ብቻ አልመጣም፤ ብዙውን የሠራው አንዱ ወገን ያለማቋረጥ መቻሉ ነው። በውጭ አገር ሰላም ተብሎ የሚመሰገነው አንዳንዴ ይህ ዐይነቱ ነው።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ደግሞ መዋሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። የአማርኛ ግሥ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መዋሉ ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይባላል፤ «ዶሮ» የሚለው ቃልም ከአገው ወገን የተገኘ ነው። አማርኛ ተናጋሪው የአገውን ቋንቋ አልተማርሁም ቢልም በአፉ ይዞት ይዞራል፤ ባለዕዳነቱን ግን ያስታወሰው የለም።

ከቋንቋው ቀጥሎ የሚነሣው የእጅ ሥራ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው በቡዳነት ሲጠረጠር ኖሯል፤ ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ የሚቀበል ገበሬ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በዚህ ረገድ «ቻዩ» ወሎም፣ «ኩሩው» ጎንደርም፣ ዋግም፣ ትግራይም አይለያዩም። በክፍለ ሀገር ጠባይ የሚያምን ሰው ይህን የጋራ ንቀት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ አያየውም።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የወሎ ስም ሌላ ትርጉም ያዘ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የከፋው፣ ወሎን በዓለም ፊት የረኃብ ስም አደረገው። ከዋግ በስተምሥራቅ የምትገኘው፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ሥር የነበረችው ኮረም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየች በኋላ የአካባቢው ሰው ፊት በሌላው ዓለም የልመና ምልክት ሆነ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሰፈረ። በዚያ የተቀበላቸው ሕዝብ የትኛው ከየጁ፣ የትኛው ከዋግ እንደ መጣ የሚለይበት ምክንያት አልነበረውም፤ ሁሉም «ሰፋሪ» ነበሩ። ትናንት እንግዳ ተቀባይ ተብሎ የተመሰገነው ሰው በአንድ ክረምት እንግዳ ሆነ፤ ምስጋናው ግን ተከትሎት አልሄደም። ሰቆጣም ከዚህ ስም ገና አልተላቀቀችም። የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ ይሁንና ሰቆጣን በሌላ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የሌላ ክልል ተማሪ ከተማዋን የሚያውቃት በቀነጨረ ሕፃን ብቻ መሆኑ መታሰብ ይኖርበታል።

በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ዋግን ረግጦ አለፈ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ሰቆጣ ተሰብስበው ነበር። ኽምጣና ተናጋሪ በአስተዳደር ወሰኑ በሁለቱም በኩል ይኖራል። ጅምላ ፍርድ የሚያመጣው ጉዳት ከሁሉ የሚከፋው እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ባለ ሰው ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው የሚያወራውን በእርሱ ላይ ይጭኑበታልና።

በዚያው ድንበር ላይ ግን የሚያስተምር ሌላ ነገር አለ። ከፍልሰታ ጋር በነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረው የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ለምለሙን ቅጠል በወገብ ማሰሩ፣ በቡድን ሆኖ ከቤት ቤት መዘፈኑ፣ ስጦታ መቀበሉ በአራቱም ዘንድ ይገኛል። አንድ በዓል አራት ስም ይዞ ሳለ የበዓሉ ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የጋራ ነገር ያለው ሰው ነው የሚጣላበት። ለታሪክ መምህር ግን ከዚህ የተሻለ መማሪያ የሚገኝ አይመስልም፤ የበዓሉ ስሞች በካርታ ላይ ቢቀመጡ ዛሬ «አማራ»፣ «ትግሬ»፣ «አገው» በሚባሉት መካከል ያለው መስመር ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ተማሪው በገዛ እጁ ይሥለዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም የኽምራ፣ የአዊና የኦሮሞ ሕዝቦች የራሳቸው የብሔረሰብ አስተዳደር ኖራቸው። ኽምጣናም በፊደል ተጽፎ በዋግ ትምህርት ቤቶች ገባ። ከ1971 ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር ይህ ረዥም መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል መቅረጽና መጽሐፍ ማሳተም አንድ ሥራ ሲሆን፣ መምህሩ ልጁን የሚያይበትን ዐይን መለወጥ ሌላ ሥራ ነው። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ የሚገባው ወጣት የክፍለ ሀገራቱን ጠባይ ዝርዝር ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ስድቡን ተው ሲባል ይተዋል፤ ምስጋናውን ግን እንደ በጎ ትምህርት ቆጥሮ ይዞት ክፍል ይገባል። ወሎዬው ቻይ ነው ብሎ ያስተማረ መምህር፣ ሰቆጣ ላይ አንድ ሕፃን አማርኛው ሲሰናከል «ቻለው» ብሎ ማለፉ የማይቀር ነው፤ የችግሩን ስም አልተማረምና።

በዛጉዬ ትምህርት መጨረሻ ላይ የሚቀርበው የተለመደ ጥያቄ «የዛጉዬ ነገሥታት ለኢትዮጵያ ምን አበረከቱ?» የሚል ሲሆን፣ የሚጠበቀውም መልስ «ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት» ነው። ከዚያ ሥር ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ የመጽሐፉ ገጽ አይጠብም። አንደኛው፣ የእነዚህ ነገሥታት ወገኖች ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? ሁለተኛው፣ ከዚያ ቋንቋ ወገን ዛሬ የሚናገሩት እነማን ናቸው፣ የትስ ይገኛሉ? በዲላ፣ በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ መልሱን ከካርታ ላይ ይፈልጋል። በሰቆጣ ግን ከክፍሉ ልጆች ጥቂት የማይባሉት መጽሐፍ መግለጥ ሳያስፈልጋቸው እጃቸውን ያወጣሉ።